ሚስማር ነው ያልኩት ቁስል

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ልጻፍና ይውጣልኝ። ባሌ የሞተ ዕለት ጠርቶኛል። ሁለት ጊዜ። ሰምቼዋለሁ። ጓዳ ቁጭ ብዬ እያነበብኩ ነበር፤ ምዕራፉ ሊያልቅ ግማሽ ገጽ ቀርቶኝ ነበር። "መጣሁ" እንኳ አላልኩም። ጨርሼ ስነሳ ከአልጋው ወርዶ ወለሉ ላይ ነበር። ለለቀስተኛው ሁሉ "እንቅልፍ እንደወሰደው ነው፣ አልተሰቃየም" አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የሦስተኛ ፎቅ ተማሪ ናት። ቅጥነቷን አይተው ጓደኞቿ ጭራሮ ይሏታል፤ እኔም ለምጄ ጭራሮ እላታለሁ። "ማዘር፣ ይህን ሁሉ የምታነቢ ሰው ምነው አንድ ቀን እንኳ አትጽፊም?" አለችኝ። ምን ብዬ እንደምጽፍ ሳስብ የመጣልኝ ከላይ ያለው ብቻ ነው።

የሴት ተማሪዎቹ ማደሪያ ጠባቂ ነኝ። ቁልፍ እይዛለሁ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ አድላለሁ፣ ደረጃ እጠርጋለሁ። የምኖረውም መግቢያው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። ትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ሠራተኛ ከቤተ መጻሕፍቱ መዋስ ስለማይፈቀድለት ጭራሮ በራሷ መታወቂያ እያወጣች ታመጣልኛለች።

ጭራሮ ክፍል ውስጥ ድመት አለ። ደንቡ በየበሩ ተለጥፏል፤ እንስሳ ማኖር ክልክል ነው። ስሙን በኮሌጁ ዲን ማዕረግ ዲኑ ብለውታል፣ ስለ ሰውየው የሚያወሩ መስለው ኮሪደር ላይ እንደ ልባቸው እንዲያወሩ። "ዲኑ በላ?" "ዲኑ ዛሬ ተኮሳትሯል።" አንዴ የማደሪያዎቹ ኃላፊ ሰምታ "ዲኑን ምን አድርጉ ነው የምትሉት?" ብትላቸው፣ የጭራሮ የክፍል ጓደኛ፣ ሕግ ስለምትማር ጠበቃዋ የምንላት፣ ዓይኗን ሳታሽ "ኧረ ጤንነታቸውን ነው የምንጠያየቀው" አለቻት።

መጽሐፉና ድመቱ አይገናኙም። ድመቱን አይቼ ዝም ያልኩት ስላሳዘነኝ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ነገ ፍተሻ አለ። ኃላፊዋ በጆሮዬ ነው የነገረችኝ። "ከአንቺ ሌላ ያወቀ የለም፤ ወሬው ከወጣ ያወጣሽው አንቺ ነሽ።" ደረጃ የምጠርግ መስዬ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ።

"በቃ፣ አለቀልኝ" አለች ጭራሮ። "ካገኙት ከማደሪያው ያባርሩኛል። ውጭ ተከራይቼ ለመማር ደግሞ አቅሙ የለኝም። ያው ትምህርቱ ቀረ ማለት ነው።"

"ብርድ ልብስ ክፍል ይዋል" አልኩ። "እዚያ የተማሪ ዕቃ ስለሌለ አይፈትሹም።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ አልለመነችኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ዲኑ ከጠዋት ጀምሮ ብርድ ልብስ ክፍል ነው። ፈታሾቹ ሁለተኛ ፎቅ ደርሰዋል። አንድ ምድጃና ሁለት ካውያ ተይዟል።

ሦስተኛ ፎቅ በሰላም አለፈ።

ማታ። ያላሰብኩት መጣ። ፍተሻው ሲያልቅ ኃላፊዋ የቁልፉን ዘለላ ጠየቀችኝ። ነገ የንብረት ቆጠራ ስላለ መጋዘኖቹ በእኔ እጅ ይደሩ ብላ ይዛው ወደ ቤቷ ሄደች። በቆጠራ ዋዜማ ቁልፍ ከጠባቂ እጅ እንደማያድር አውቃለሁ፤ ቆጠራ መኖሩን ግን አልነገረችኝም ነበር። ቤቷ ከግቢው ጀርባ ነው፤ የአሥር ደቂቃ መንገድ። ሄጄ "የረሳሁት ነገር አለ" ብላት ትሰጠኛለች። ምን ረሳሽ ብትለኝስ?

የብርድ ልብስ ክፍሉ መስኮት የሽቦ ወንፊቱ ተቀዷል። ከመስኮቱ ውጭ የምግብ ቤቱ ትርፍራፊ የሚደፋበት ሜዳ ነው። ውሻ አይጠፋበትም።

አሁን አንድ ድምፅ ተሰማ። የሆነ ቦታ መስኮት ሳይዘጋ ቀርቶ ይሆናል።

ነፋስ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ቆጠራው ለሌላ ቀን ተላለፈ፣ ቁልፉ ሦስት ሰዓት ላይ ተመለሰልኝ። ዲኑን ከፍራሾቹ ኋላ ተወሽቆ አገኘሁት። ጭራው ሥር ሁለት ጥልቅ ቀዳዳ። የተቀደደው ወንፊት ላይ ነጭና ጥቁር ሻካራ ፀጉር ተሰክቷል፤ የድመት ፀጉር አይደለም። ቁስሉን በሳሙና አጠብኩለት። በረኪና የሰነጣጠቀው ጣቴ እርጥበቱ ሲነካው አቃጠለኝ። ፀጉሩን ከሽቦው ነቃቅዬ ጣልኩት።

ጭራሮ እየሮጠች መጣች። "ምን ሆኖብኝ ነው እማ?"

ሁሌ ማዘር ነበር የምትለኝ፤ እንደ ሁሉም። ዛሬ እማ አለችኝ።

"ሚስማር ነው" አልኩ። "አሮጌው አልጋ ላይ የወጣ ሚስማር አለ።"

አፌ ቀደመኝ። ከዚያ በኋላ መመለሱ አልሆነልኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

የበሩ ዘበኛ ጠራኝ።

"እትዬ፣ ሰማሽ? ያ ቡራቡሬ ውሻ አብዶ ኖሯል።"

"የቱ ቡራቡሬ?"

"ከምግብ ቤቱ ኋላ የሚተኛው ነዋ። ትናንት ለሐጩን እያዝረከረከ መጥቶ ጫማዬን ነከሰኝ። ደግነቱ የዘበኛ ጫማ ነው፤ እንኳን የእብድ ጥርስ የጫማ ጠጋኝ ወስፌም አይበሳው።" በራሱ ቀልድ ሳቀ። "ከከተማ ሰዎች መጥተው አስወገዱት። ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?"

"ደረጃው ነው ጋሼ። ስወጣ ስወርድ ውዬ።"

"እኔን ነክሶኝ ቢሆን እንዲህ አትደነግጪልኝም ነበር!"

ቡራቡሬ ውሻ ሞልቷል። አገሩ ሁሉ ቡራቡሬ ውሻ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ስለ እንስሳት በሽታ የሚያወራ መጽሐፍ አውጪልኝ አልኳት።

"አሁን ደግሞ ሐኪም ልትሆኚ ነው?"

"እንዲሁ ነው። ልብ ወለዱ ሰለቸኝ።"

አመነችኝ። የምታምነኝ ነገር በዛ።

እሑድ፣ ኅዳር 16

እንደ ሕፃን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። የማይገባኝን ቃል እየዘለልኩ፣ ተመልሼም እያነሳሁ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በንክሻና በምራቅ ነው ይላል። የተነከሰ እንስሳ ወዲያው አያሳይም፤ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ድመት ሲይዛት ጨለማ ትፈልጋለች፣ ድምፅዋ ይለወጣል፣ የምትወደውን ሰው ትነክሳለች። ሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም። የለውም የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሌላ ቃል ቢሆንልኝ ብዬ። ምልክቱ ሳይመጣ ክትባት የጀመረ ግን ይተርፋል።

ሌላም አለ። በተጠረጠረ እንስሳ የተነከሰ ድመት ወዲያው ለእንስሳት ሐኪም መታየት አለበት፤ አለዚያ ማስወገድ ነው። ስለዚህ የሚደረገው ግልጽ ነው። ወጥቼ ሚስማር አይደለም ማለት። ለምን ደበቅሽኝ ትለኛለች። ዲኑን ይወስዱታል። ኃላፊዋ ድመቱን ማን ሸሸገው ትላለች። ልጅቷ ትባረራለች። እኔም አብሬ።

እኔ ስለ ራሴ አይደለም የማስበው። ስለ እሷ ነው።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። በእኔ ላይ ግን ነገር ሁሉ የሚደርሰው ከፈራሁት በኋላ ነው ወይስ ሰምቼ ዝም ካልኩት በኋላ? ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። መብራቱን ላጥፋ።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ዲኑ ደህና ነው። ቁስሉ ጠግጓል፣ ይበላል፣ ይጫወታል። የሕንፃ ንድፍ የምትማረው ጭራሮ ለፈተና የካርቶን ሆስፒታል እየሠራች ነው፤ ቁመቱ ክንድ ያህላል፣ መስኮት አለው፣ የአምቡላንስ መግቢያ አለው። ዲኑ ገብቶ ይተኛበታል። "የመጀመሪያው በሽተኛዬ" ትለዋለች።

ዛሬ አምስት ጊዜ ሳልወጣ አልቀረሁም። ስወርድ ጠበቃዋ ከኋላዬ ስታወራ ሰማኋት። "ማዘር ሰሞኑን ከሦስተኛ ፎቅ አልወርድ አለች። ወይ ዲኑን ወዳዋለች፣ ወይ ሰላይ ሆናብናለች።"

ጭራሮ ቆጣ አለች። "እሷን አትንኪብኝ።"

ቁልቁል ሮጥኩ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 4

ከአልጋ ሥር ገብቶ አልወጣ አለ። ጭራሮ ብርዱ ነው ትላለች። መጋረጃውን ከፈት ሳደርግ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 5

ድምፁ ተለውጧል። የጎረነነ ነው፣ እንደ በር ማጠፊያ።

ለጭራሮ "አትንኪው፣ ታሞ ይሆናል" አልኳት። ይህን ብያለሁ። ብያታለሁ።

ለምን እንደማትነካው ግን አልነገርኳትም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 6

ነከሳት። ውኃ ልትሰጠው እጇን ከአልጋው ሥር ስትሰድ ነው። አውራ ጣቷ ሥር፣ እስከ ሥጋው።

ቧንቧው ጋ ወስጄ በሳሙና አጠብኳት፤ መጽሐፉ አሥራ አምስት ደቂቃ ይላል፣ ሰዓት እያየሁ አሥራ አምስት ደቂቃ አጠብኳት።

"እማ፣ ኧረ ቆዳዬ አለቀ! የነከሰኝ ድመት ነው እንጂ አዞ አይደለም!"

"ዲኑ ተማሪ ቀጣ" አለች ጠበቃዋ። ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሳቅኩ እኮ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 7

መጽሐፉ ላይ አንድ መስመር አገኘሁ። የነከሰው ድመት ጤነኛ ከሆነ አሥር ቀን ይጠበቃል፤ በአሥር ቀን ካልሞተ ሲነክስ በሽታው ምራቁ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው ይላል። አሥር ቀን። እስከዚያ ማን ያውቃል።

ጤነኛ ከሆነ ነው የሚለው። እሱን ደግሜ አላነበብኩትም።

የኋላ እግሮቹን ይጎትታል። ውኃ አይወርድለትም።

ሦስት ጊዜ እስከ በሯ ወጣሁ፣ ሦስት ጊዜ ወረድኩ። በሦስተኛው "እማ ነሽ?" አለች ከውስጥ። መልስ ሳልሰጥ በእግሬ ጣት ወረድኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ጠዋት ሞቶ ተገኘ። የካርቶን ሆስፒታሏን ለፈተናው ስላስረከበች፣ መጀመሪያ የሞከረችበትን ረቂቅ ካርቶን አምጥታ እሱ ውስጥ አስገባችው። ዘበኛው ከአጥሩ ሥር ቀበረልን። "የዲን ቀብር ላይ ስገኝ የመጀመሪያዬ ነው" አለ፤ ልጆቹ ሲያለቅሱ አይቶ ግን ባርኔጣውን አወለቀ።

ስንመለስ ደረጃው ላይ ጭራሮ ቆመች። "ምን ነካው? ደህና አልነበረም እንዴ?" አለች። እኔን አልጠየቀችም፤ እንዲሁ ነው ያለችው። እኔ ግን መለስኩላት።

"ሚስማር አልነበረም።"

"ምኑ?"

"ጭራው ሥር የነበረው። ውሻ ነው የነከሰው። ያ ያበደው። ቁልፉ ሲወሰድብኝ እዚያ ክፍል ተቆልፎበት ያደረ ለት።"

መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ጣቷን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"መቼ አወቅሽ?"

"ዘበኛው የነገረኝ ዕለት።"

"ስንት ቀን ነው እሱ?"

"ሃያ ሰባት።"

"ሃያ ሰባት ቀን" አለች። ክንዷን ይዤ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ መንገዱን ሙሉ ክንዷ እጄ ውስጥ እንደ እንጨት ነበር።

የጤና ባለሙያው ሁሉንም በቀን በቀኑ ጠየቀ። ድመቱ መቼ ተነከሰ፣ መቼ ተለወጠ፣ መቼ ነከሳት። ይህን ደብተር ከቦርሳዬ አውጥቼ እያየሁ መለስኩለት። ቁስሏ ዙሪያ ሲወጋት ጥርሷን ነከሰች እንጂ አልጮኸችም።

"ሌላ የነካው ሰው አለ?"

"የለም" አልኩ።

ጭራሮ ግድግዳውን እያየች "እሷ ቁስሉን በባዶ እጇ አጥባዋለች" አለች። "እጇ ሁሌ የተሰነጣጠቀ ነው።"

እኔንም ወጉኝ። በደረጃው ላይ ከተነጋገርነው ወዲህ ያወጣችው ቃል ያ ብቻ ነው።

"ይሠራል ወይ?" አልኩት ባለሙያውን፣ እሷ ስትወጣ።

"ሁለት ቀን ዘግይታችኋል። ከዚህም ዘግይቶ መጥቶ የዳነ ብዙ ነው። መታጠቡም ጠቅሟል። ቃል ግን አልገባልሽም። ድመቱን አውጡልኝ፣ ይመረመራል።"

ዘበኛው በላስቲክ ጓንት መልሶ ቆፈረው። በዚህኛው ጊዜ ቀልድ አልነበረውም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 11

ሁለተኛ መርፌ። አብረን ሄድን፣ አግዳሚው ላይ ለየብቻ ተቀመጥን። ማደሪያው ስንመለስ ራሴን አመመኝ ብላ ለጠበቃዋ ስትነግራት ሰማሁ። ከዚያ ውኃ ጠየቀች። ስትጠጣ ጉሮሮዋን አየሁ። ወረደላት። ሁለተኛ ጉንጭ፣ ወረደላት። ብርጭቆዋን አስቀምጣ "ምን ታዪያለሽ?" አለችኝ።

ብርጭቆዋን ወስጄ አጠብኩ።

ከሰዓት ወደ ኃላፊዋ ሄድኩ። ልነግራት ስጀምር እጇን አነሳች።

"ስሚኝ። ጡረታሽ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። አላወቅሁም በይ፣ እኔም እንደዚያ ብዬ እጽፋለሁ። ልጅቷ እንደሆነች ድመቱን ራሷ ናት ያመጣችው፣ መባረሯ አይቀርም።"

"ብርድ ልብስ ክፍል ያስገባሁት እኔ ነኝ። ፍተሻ እንዳለም የነገርኳት እኔ ነኝ። ውሻው እንደነከሰው አውቄ የደበቅሁት እኔ ነኝ። እንደዚህ ጻፊልኝ።"

"ምን ነክቶሽ ነው?"

"ጻፊልኝ።"

ጻፈች። በሁለተኛው ገጽ እጇ ደከመና ራሴ ጨረስኩት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 12

ውጤቱ መጣ። ዲኑ በሽታው ነበረበት።

እስካሁን "ምናልባት" የሚባል ነገር ነበረኝ። ዛሬ እሱም የለም። የጤና ባለሙያው መርፌውን እንዳታቋርጡ አለ፤ ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው፣ ወራትም ሊሆን ይችላል። ወራት! ባስነጠሰች ቁጥር፣ በተኛች ቁጥር፣ ብርጭቆ ባነሳች ቁጥር።

ኃላፊዋ ውሳኔውን ነገረችኝ። ልጅቷ በማስጠንቀቂያ ትቆያለች። እኔ በወሩ መጨረሻ ሥራውንም ክፍሉንም እለቃለሁ። ስትነግረኝ ዓይኔን አላየችም። እኔ ግን ከአንድ ወር በኋላ መጀመሪያ የተነፈስኩት ያኔ ነው፤ ጭራሮ አልጋዋን አልተነጠቀችም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 14

እናቷ መጣች። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ ፀጉሯ ግን ከእኔ ይልቅ ሸብቷል። ጭራሮ እኔ ክፍል አስቀመጠቻት፤ ማደሪያው እንግዳ አያሳድርም።

"እትዬ" አለችኝ ገና ሳትቀመጥ፣ "ቀድመሽ አውቀሽ ሐኪም ቤት ያደረስሽልኝ አንቺ ነሽ አሉኝ። ልጄን አተረፍሽልኝ።" ጎንበስ አለች፣ ጉልበቴን ልትስም። ክንዷን ይዤ አስቀረኋት።

"ተይ፣ እህቴ። ተይ።"

"እንዴት እተዋለሁ? ያለኝ እሷ ብቻ ናት። አባቷም የለ። ወንድሟን ታሞብኝ፣ ሳልሰማ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያጣሁት። ለእሷ ግን አንቺን የመሰለ ሰው ሰጠልኝ።"

ጭራሮ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እኔ እሷን አየኋት፣ እሷ ጣቷ ላይ ያለውን ፋሻ። ንገሪያት አላለችም። አትንገሪያትም አላለችም። "እማዬ፣ ጫማሽን አውልቂ፣ እግርሽ አብጧል" ብላ ተንበረከከች። ሴትዮዋ ደግማ ደግማ መረቀችኝ። እያንዳንዱ ምርቃት እንደ ፍም ነበር።

አሁን አልጋዬ ላይ ተኝታለች፤ እኔ ወለሉ ላይ ነኝ። ጠረጴዛው ላይ የተከመሩትን መጽሐፎች አይታ "ይህን ሁሉ ታነቢዋለሽ? እኔ እንኳ ፊደል አላውቅም፣ ስሜን ልጄ ናት የምትጽፍልኝ" ብላኝ ነበር፣ እንቅልፍ ሳይወስዳት።

ያነበብኩት ምን ጠቀመኝ ብዬ ብዙ አሰብኩ። የእብድ ውሻን በሽታ አንብቤ አውቄ ልጅቷን ዝም አልኳት። የማታነብ እናት ግን ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ቁጭ ብላ መጣች።

ነገ ጠዋት ሦስተኛው መርፌ ነው። ተራ ለመጠበቅ አንድ ሰዓት ያህል እንቀመጣለን። ልትረግመኝ ትችላለች። ልጇን ይዛ ልትሄድም ትችላለች፤ እሱን ነው ከሁሉ የምፈራው፣ ሁለት መርፌ ገና ይቀራል። እንዳታቋርጥ አስቀድሜ አስምላታለሁ።

ይህ ደብተር የእሷ ነው፤ የጭራሮ እናት ትውሰደው። ማንበብ ስለማትችል፣ እዚያ አግዳሚ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ልጇም እየሰማች፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አንድም ሳልዘል ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።